ሽፍታውን ስትጽፉ ዋሱን አትርሱት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጋዜጣችሁን ልጄ በየሳምንቱ ያመጣልኛል። የማነበው ከጀርባው ጀምሬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ሰሞን በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ታሪካዊ የወንጀል ልቦለድ በአማርኛ ያልበረከተው ለምን እንደሆነ የሚመረምር ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጸሐፊው አንዱ ምክንያት ብለው ያስቀመጡት በድሮ ዘመን መርማሪ ፖሊስ አለመኖሩን ነው። መርማሪ ከሌለ አሳዳጅ የለም፤ አሳዳጅ ከሌለ ደግሞ የሸሸ ወንጀለኛ ታሪክ ልብ አይሰቅልም ይላሉ። ይህን ሳነብ የያዝኩትን ስኒ አስቀምጬ ቀረሁ። እኔ ያደግሁት በአንድ ሰው ሽሽት ውስጥ ነው። ሰውየው የሸሸው እኔ ከመወለዴ 27 ዓመት በፊት ቢሆንም እቤታችን ነገሩ የትናንት ያህል ነበር የሚወራው፤ ያውም በሹክሹክታ።

መጀመሪያ ስለ አሳዳጁ ልናገር። አዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ ነበራት። ባላገሩ ግን እርስ በርሱ ነበር የሚጠባበቀው። ነፍስ ያጠፋን ሰው የሚፈልገው ደሞዝ የተቆረጠለት ሰው ሳይሆን ደመኛው ነው፤ ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ ገና ጡት ላይ ያለ ሕፃን ሳይቀር አድጎ ይፈልገዋል። ገዳዩ ተይዞ ከተፈረደበትም ለሟች ወገኖች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። መንገድ ላይ ደግሞ "በሕግ አምላክ" የሚል ቃል አለ። በዚህ ቃል የተጠራ ሰው መቆም ነበረበት፤ የሚያልፈው መንገደኛም ዳኛ ሁነን ከተባለ ጭነቱን አራግፎ ነገሩን ሰምቶ ነው የሚሄደው። እስቲ ይህን ቃል የሚፈራ ሰው በገበያ ቀን እንዴት አድርጎ ከአንድ አገር ወደ ሌላው እንደሚያልፍ አስቡት። ማንም አላፊ አግዳሚ ሊያቆመው ይችላል።

ወንጀሉ ተፈጽሞ አድራጊው ካልታወቀ አውጫጭኝ ይጠራል፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። የአገሩ ወንድ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ላሜ አልታለበችም፣ አዝመራዬን ወፍ ጨረሰው ብሎ ወደ ቤት መሄድ የለም። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሰዉም እየማለ ያየውን የሰማውን ለእነሱ ይነግራል። የተናጋሪው ስም አይነሳም። "ወፍ እንዲህ አለች" ነው የሚባለው። አድራጊው ሳይገኝ ከቀረ የጠፋውን ንብረት አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል። ስለዚህ እዚያ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ወይ ተጠርጣሪ ነው፣ ወይ መርማሪ ነው፣ ወይ ባለዕዳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም ነው። ወንጀለኛው ራሱ እዚያው መሀል ተቀምጦ፣ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ፣ ወፏ ማን እንደሆነች ለማወቅ የጎረቤቱን ዓይን ዓይን ሲያይ አንድ ደራሲ ሁለት መቶ ገጽ አያጣበትም። ሌባሻይም ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያናውዝ መጠጥ ይሰጡትና ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት ይዘውት አገሩን ሲያካልል የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስለተወነጀለው ሰው ሲጻፍ አይቻለሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ ልጁ ነው። ስካሩ ለቆት በማግስቱ ከብት ሊጠብቅ ሲወጣ፣ ያን ቤት አልፎ ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ጽሑፋችሁ በወጣበት ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ መምህር ነው፣ ረቂቅ ይዞ መጣ። "እትዬ፣ የፍርድ ቤቱን ነገር ይዩልኝ" አለኝ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነፍስ አጥፍቶ ስለሸሸ ሰው የተጻፈ ልቦለድ ነው። ልጁ ጽሕፈት ተሰጥቶታል። የዓባይ በረሃን ሙቀት፣ የንዳዱን መንቀጥቀጥ፣ ጅብ ሲያሸት ያለውን ዝምታ እንዲህ አድርጎ ሲጽፈው ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ አስቀምጦኛል። ከዚያ በማግስቱ ጠራሁትና ቁጭ ብለን አየነው።

ገዳዩን አንድ ሺህ ጠገራ ብር በትከሻው አሸክሞ ሌሊቱን ሙሉ ያስሮጠዋል። የማርያ ትሬዛ ብር አንዱ 28 ግራም ነው። ሺው 28 ኪሎ ይመጣል። ቤቴ ውስጥ 25 ኪሎ የሚይዝ የዱቄት ከረጢት ነበረኝ፤ ተሸክመህ እስከ አስፋልቱ ሮጠህ ተመለስ አልኩት። ሄዶ ተመለሰና እያለከለከ ብዕሩን አወጣ። በዚያ ላይ ጠገራ ይጮኻል፤ የሚሸሽ ሰው እያንዳንዱን ብር በጨርቅ ጠቅልሎ ካላሰረ ውሻ ሁሉ ይሰማዋል። ደግሞ በነሐሴ ዓባይን በእግሩ ያሻግረዋል። ዓባይ በነሐሴ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ነው የሚወርደው። ወይ ቀኑን ወደ ኅዳር ይግፋው፣ ወይ ሰውየው ወንዙ እስኪጎድል ማዶውን እያየ ይቀመጥ አልኩት። መቀመጡን መረጠ፤ ደግ አደረገ፤ አሁን ያ ምዕራፍ ከሁሉም ይበልጣል። ጫካ ውስጥ አስተኝቶ በውጅግራ አምስት ጊዜ ያስተኩሰውና ማንም አያየውም ይላል። ውጅግራ ባሩዱ ጥቁር ነው፤ አንዴ ሲተኮስ ጭሱ እንደ ምድጃ ይነሣል። ይህንንም አስተካከለው።

እነዚህን ያነሳሁት ልጁን ለመንቀፍ አይደለም። በአንድ ቀን የሚታረሙ ናቸው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሌላ ነገር ነው። በረቂቁ መጀመሪያ አካባቢ ገዳዩ ተይዞ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ዋስ ጥራ ይባላል፤ አጎቱን ዋስ ይጠራል፤ ይለቀቃል፤ ያንኑ ሌሊት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ስለዚያ አጎት አንዲት መሥመር የለም። በሬ አልተነዳበትም፤ አልታሰረም፤ ሚስት አላለቀሰችም። ከመጽሐፉ ወጥቶ ቀረ።

የእናቴ አባት ዋስ ነበሩ።

ዘመኑ ራስ ኃይሉ ጎጃምን የሚገዙበት፣ የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት በፊት ነው። መንደራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ የጁቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በጥቅምት የአያቴ የአጎት ልጅ ከወሰንተኛው ጋር በአንድ ክንድ መሬት ተጣልቶ በሽመል ጭንቅላቱን መታው። ተመቺው ወዲያው አልሞተም፤ ተኛ። ነፍሱ ስላለች መቺው ዋስ ጥራ ተባለ። አያቴን ጠራ። አያቴም "እኔ አለሁለት" አሉ። ይኸው ነው፤ ሁለት ቃል ነው የተናገሩት። በዘጠነኛው ቀን ሰውየው ሞተ። እሪታው ተራራውን ተሻግሮ እኛ መንደር ሳይደርስ የአጎትየው ልጅ ጠመንጃውን አንሥቶ ወደ ዓባይ ወረደ፤ ለዋናተኛ ከፍሎ ወደ ጉድሩ ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ 13 ዓመት አልታየም።

የሟች ወገኖች አያቴን "ሰውህን አምጣ" አሏቸው። ከየት ያምጡት! ዳኛው ከሟች ታላቅ ወንድም ጋር ቁራኛ እንዲሆኑ አዘዘ።

ዛሬ "የአልጋ ቁራኛ" ስንል ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቁራኛ ማለት ባለጉዳዩ ከባለጉዳዩ ጋር መታሰር ነው። ለቀላል ነገር የልብሳቸውን ጫፍና ጫፍ ይቋጥሩታል፤ ለነፍስና ለብዙ ዕዳ ግን በሰንሰለት ነው። ልጅ ሆኜ አያቴን፣ የእናቴን እናት፣ "እንዴት ነበር?" ብዬ እንደጠየቅኋት ትዝ ይለኛል። መልስ አልሰጠችኝም። የነጠላዋን ጫፍ አነሣች፤ የእኔንም ነጠላ ጫፍ ያዘች፤ ሁለቱን ጠበቅ አድርጋ ቋጠረቻቸው። ከዚያ ጥጥ መፍተሏን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቼ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ፤ ያዘኝ። እሷ ካልተነሣች መነሣት አልቻልኩም። ውጭ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማኛል። "ፍቺልኝ" አልኳት። "ከኅዳር እስከ ፋሲካ" አለችኝና መፍተሏን ቀጠለች።

ከኅዳር እስከ ፋሲካ አያቴና የሟች ወንድም በአንድ ሰንሰለት አብረው ኖሩ። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል። አንዱ ሜዳ ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። አሳሪውም ታስሮ ነበር፤ የእሱም ማሳ ሳይጎለጎል ከረመ፤ የእሱም ሚስት እንጨት ራሷ ፈለጠች። ይህን ነው ደራሲዎቻችን እንዲያዩት የምፈልገው። ሦስተኛው ሰው ጉድሩ ላይ በነፃ እየተመላለሰ ሁለቱ፣ አንዳቸው በሌላው ላይ ምንም ያላደረጉ ሰዎች፣ እጅ ለእጅ ተሳስረው ተቀመጡ።

የሟች የአርባ ቀን ተዝካር ሲደርስ ወንድምየው መቅረት አይችልም። አያቴም እሱ ካልቀረ መቅረት አይችሉም። ስለዚህ አያቴ የገዳዩ ዋስ ሆነው የተገደለው ሰው ተዝካር ላይ ተቀመጡ። ካህናቱ ጸሎት ሲያደርሱ፣ ለድሃ ሲበላ፣ እሳቸው በቀኝ እጃቸው ሰንሰለት ይዘው የሟችን እናት ፊት ለፊት። እናትየው ጠላ እየቀዳች ስትመጣ ለልጇ ሰጠችና አያቴን ዘለለቻቸው። ለቀጣዩ ሰው ሰጠች፤ ከዚያም ለቀጣዩ። ከዚያ ማሰሮውን ይዛ ተመለሰችና ቀዳችላቸው። ይህን የነገሩን አያቴ ራሳቸው ናቸው። ስለዚያ ዘመን ከአፋቸው የወጣ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ገባ። ደሙ በአንድ ጥማድ በሬ፣ በአንዲት በቅሎና በአክስቴ ደረቀ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። ደም ማድረቂያ ተብላ ለሟች ታናሽ ወንድም ተዳረች። ልጅ በዚያ ዕድሜ መዳሩ የዘመኑ ልማድ ነበር ሊባል ይችላል። እሷ ግን የተዳረችው ለቅሶ ያልወጣበት ቤት ነው። አማቷ ሁለት ዓመት በስሟ አልጠራቻትም፤ "አንቺ" ነበር የምትላት። ሰባት ልጆች ወለደች። እኔ ያወቅኋት ፀጉሯ ሸብቶ ነው፤ ሳቂታ ሴት ነበረች። የሸሸውን ሰው ስም ግን እስክትሞት አልጠራችም። "ያ ሰው" ነበር የምትለው።

ያ ሰው በ1933 ዓ.ም. ተመለሰ። ጣሊያን ሲገባ ከአርበኞች ጋር ተሰልፎ ነበር። ተዋግቷል፣ ቆስሏል፤ ይህን ማንም አይነሣውም፤ እኔም አልነሣውም። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከተቀበሏቸው መሀል ነበር አሉ። ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጠመንጃውን ወልውሎ መንደር ሲገባ እልልታው ቀለጠ፤ ተፎከረለት፤ ግጥም ተገጠመለት። የድሮ ነገር ተረሳ። ከዚያ ወደ አያቴ ቤት መጣ። አያቴ እጁን እንዳስታጠበችው ነግራኛለች። "ሌላ ምን ላደርግ? እንግዳ ነው" አለችኝ። ሲበላ ቆየና ልጅቱን ጠየቀ፤ ሲሄድ ትንሽ ነበረች።

"ድረናታል" አለችው።

"ለማን?"

"ለዕዳህ።"

እንጀራውን እንደያዘ ቀረ አለችኝ።

ለሸፈተ ሰው ልባችን ለምን ቶሎ እንደሚሸነፍ አላጣሁትም። ካሳ ኃይሉ ቋራ በረሃ ሸፍተው ኖረው ነው አፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት። እኛ ጎጃሞች ደግሞ በላይ ዘለቀ አለን። አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ተዋግቶ፣ ከነፃነት በኋላ ታስሮ፣ ከእስር ቤት አምልጦ እንደገና ተይዞ ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ሐዘኑ እስከ ዛሬ አልወጣልንም፤ የእኔም አልወጣም። አገራችን በደል የበዛባት፣ ዱር መግባት ለብዙ ሰው የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረባት አገር ናት። ስለዚህ የሸሸ ሰው ሲጻፍ አንባቢ ከእሱ ጋር መሮጡ ተፈጥሯዊ ነው። ግን የአንድ ሰው ማምለጥ ስንት ቤት እንደሚያናጋ የኛው ታሪክ ራሱ ይናገራል። ራስ ኃይሉ፣ ያ ሁሉ ኃይልና ሀብት የነበራቸው ሰው፣ በ1924 ዓ.ም. ጎጃምን ያጡት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ሲያመልጡ እጃቸው አለበት ተብለው ነው። በሌላ ሰው ሽሽት ትልቁም ትንሹም ወድቋል።

መዝገብ ቤት ስገባ ሕጉ ተለውጦ ነበር። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዋስ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው፤ ሰውነቱ አይያዝም፤ ተከሳሹ ከቀረ የፈረመውን ገንዘብ ይከፍላል። ትልቅ ነገር ነው፤ አያቴ ይህን ሕግ ቢያዩ ኖሮ እላለሁ። የዋስትና ወረቀቱን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው የሚፈርሙትን ሰዎች እጅ አያለሁ። ወንድሙን የሚያስፈታ፣ የእህቱን ልጅ የሚያስፈታ፣ የቤት ካርታ በፌስታል ጠቅልሎ ከጡቱ ሥር የያዘ። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ፤ "ካልቀረበ ይህን ያህል ብር ትከፍላለህ" የሚለው ላይ ስደርስ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋሉ፤ ዞር ብለው በር ላይ የቆመውን ተከሳሽ ያዩታል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያዩት። ከዚያ ይፈርማሉ።

ጋዜጣችሁን ከጀርባ የምጀምረውም ለዚህ ነው። ከባድ ወንጀል ተከሶ የጠፋን ሰው ፍርድ ቤቱ በሌለበት ከማየቱ በፊት በጋዜጣ ጥሪ ያወጣበታል። በሥራ ዘመኔ ከእነዚህ ጥሪዎች ብዙዎቹን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ስም፣ አድራሻ፣ የተከሰሰበት አንቀጽ፣ የቀጠሮው ቀን፤ በቃ አራት መሥመር ነው። ስመታ ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥሪውን መጀመሪያ ማን እንደሚያነበው ነበር። የሸሸው አያነበውም። እናቱ ናት ጎረቤት የምታስነብበው፤ ዋሱ ነው ቆርጦ ኪሱ ውስጥ የሚይዘው። ዛሬም ያ ገጽ ላይ ስደርስ እንደ ድሮው ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ደራሲ ነኝ የሚል ሰው ታሪክ ጠፋብኝ ካለ ያን ገጽ ይግለጠው። ይርጋውንም፣ ከዚያ ወዲያ መክሰስ የማይቻልበትን የጊዜ ገደብ ማለቴ ነው፣ ይመልከት፤ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል በሕጋችን ይርጋው 25 ዓመት ነው። 25 ዓመት እየቆጠረ የሚኖር ሰው አለ፤ ያንኑ 25 ዓመት ሌላ ቤት ሆነው የሚቆጥሩለትም አሉ።

ስለዚህ ለጸሐፊያችሁ የምለው፣ አሳዳጅ አልነበረም አይበሉ። ለልቦለድ ጸሐፊዎችም የማቀርበው ልመና አለኝ። ገዳዩ ዓባይን ሲሻገር እናንተ ሁሉም ገጽ ላይ አብራችሁት አትሻገሩ፤ አንዳንዴ ወዲህ ማዶ ቅሩ። ዋስ የጠራ እንደሆነ ዋሱን በስሙ ጥሩት፤ ስንት በሬ እንዳለው ጻፉልን፤ ሴት ልጆች እንዳሉት ንገሩን። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢታተም በጡረታ ገንዘቤም ቢሆን አምስት ቅጂ ገዝቼ ለአክስቴ ልጆች እሰጣለሁ። ስሜን ዝግጅት ክፍሉ ይያዘው እንጂ አታውጡብኝ፤ የሁለቱም ወገን ዘሮች እዚሁ አካባቢ ነን፤ በዓልም ለቅሶም አብረን ነው።

መምህሩ ትናንት ተመልሶ መጥቶ ነበር። አጎትየውን ወደ መጽሐፉ መልሶታል። ምዕራፉን ግማሽ ድረስ ጽፎ አንድ ነገር አላስኬድ ብሎት ነው የመጣው። "እትዬ፣ በሰንሰለት የታሰረው የትኛው እጃቸው ነው?" አለኝ። የእስረኛው ቀኝ ከአሳሪው ግራ ጋር ነው አልኩት። "ታዲያ አያትዎ እንዴት ይበሉ ነበር?"

አያቴ የነገረችኝን ነገርኩት። መጀመሪያ ሰሞን አያቴ ጎረሱ በተባለ ቁጥር የዚያኛው እጅ አብሮ ወደ አፋቸው ይነሣ ነበር፤ ሁለቱም ይዘጋቸውና ሳይበሉ ይተዉታል። በግራ እንዳይበሉ ነውር ነው። እሷ ሞሰቡን ይዛ እየሄደች እንደሞላ ትመልሰው ነበር። ከተዝካሩ በኋላ በአንዱ ቀን የተልባ ፍትፍት ወስዳ ስታቀርብ የሟች ወንድም ነፃ በሆነው ቀኝ እጁ ጠቅልሎ መጀመሪያ አያቴን አጎረሳቸው። ከዚያ ራሱ ጎረሰ። እስከ ፋሲካ እንደዚያ ነበር የበሉት።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ማርቆስ